የሱስ ሕክምና በስልክና የቤተ ሰብ ድርሻ

በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ሕሙማን እንክብካቤ በየጊዜው ስንነጋገር ቈይተናል። ዛሬ ደግሞ ብዙ ቤተ ሰብ በልቡ ይዞት በአፉ ግን ሊያወጣው የሚያፍርበትን አንድ ነገር እናነሣለን። ይኸውም በመጠጥ፥ በጫትና እነዚህን በመሳሰለ ሱስ የተያዘ ሰው ከሐኪም ርቆ በቤቱ ሳለ በስልክ ሊረዳ ይችላልን? ቢችልስ እስከ ምን ድረስ ነው? የሚለው ጥያቄ ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉና፥ ነገሩን ሸሽጎ ከማቈየት ገልጦ መመርመር ይሻላል።

ጥያቄው በግድ የመጣብን በ2012 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።) የኮሮና ወረርሽኝ በአገራችን መግባቱ የተረጋገጠው በዚያ ዓመት መጋቢት 4 ቀን ሲሆን፥ ከጥቂት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጠጥ ቤቶችና ጭፈራ ቤቶችም እንዲዘጉ ታዘዘ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። አውቶቡስና ታክሲ ከመቀመጫቸው ግማሽ ያህሉን ብቻ እንዲጭኑ በመደረጉ የመጓጓዣ ዋጋ እጥፍ ሆነ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤን በዓል እንኳ አብዛኛው ምእመን በየቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ተከታተለው።

በዚያ ወራት ሁላችን የምናስበው ስለ ሳልና ስለ ትኵሳት ነበር። መጠጥ ቤቱ ሲዘጋ ጠጪው ምን ይሆን ብሎ ያሰበ ሰው ጥቂት ነው። እንዲያውም «እሰየው፥ በዚሁ ይተወዋል» ያለ ብዙ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። አንዳንዱ ጠርሙሱን ወደ ቤቱ ይዞ ገባና ቀድሞ በውጭ ይጠጣ የነበረውን በልጆቹ ፊት ይጠጣ ጀመር። አንዳንዱም ሥራው ቆሞ ገንዘብ ስላጣ መጠጡን ባንድ ቀን አቋረጠና ሰውነቱ ተናወጠ። ወደ ሐኪም የሚወስደውም መንገድ ጠበበ። ቀድሞ የአእምሮ ሕሙማንን ይቀበል የነበረው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የኮሮና ሕሙማን ማከሚያ ሆነ። የአማኑኤል ሆስፒታል ከመርካቶ አጠገብ በነበረበት ስፍራ ቢኖርም፥ እንደ ፉሪ ባለ በከተማው ደቡብ ጫፍ በሚገኝ ሰፈር ለሚኖር ሰው ወደዚያ መድረስ ታክሲ እየለዋወጡ በእጥፍ ዋጋና በወረርሽኝ ፍርሃት መጓዝ ነበር።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በ130 አገሮች ያደረገውን ጥናት መስከረም 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያወጣ፥ ከነዚህ አገሮች 93 በመቶ በሚሆኑት ዋና ዋናው የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት መታወኩን ወይም መቋረጡን ገለጠ። ሕክምናውን በስልክና ይህን በመሳሰለው መሣሪያ ለማድረስ የሞከሩት ከ70 በመቶ በላይ ነበሩ፤ ነገር ግን በሀብታሞቹ አገሮች ቍጥሩ ከ80 በመቶ ሲያልፍ በድኾቹ ከ50 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሐኪም የራቀበት አገር፥ ስልኩ ይበልጥ በሚያስፈልገው ጊዜ፥ ከስልኩም የራቀ ሆነ ማለት ነው።

ሀብታሞቹ አገሮች ያደረጉትን ብንመለከት የምንማረው አለ። በአሜሪካ በሄሮይንና በመሳሰለው ዕፅ ሱስ የተያዘ ሰው ሜታዶን የሚባለውን መድኃኒት ለመውሰድ ወደ ማከሚያው ዕለት ዕለት መመላለስ ልማድ ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ግን ሕመሙ የረጋለት ሰው እስከ 28 ቀን የሚበቃውን ወደ ቤቱ እንዲወስድ ተፈቀደ፤ ቡፕረኖርፊን የተባለውንም መድኃኒት ሐኪሙ ታማሚውን በስልክ አነጋግሮ ሊያዝለት ቻለ። በህንድም መጋቢት 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ከሩቅ ስለሚሰጥ ሕክምና ለሐኪሞች መመሪያ ወጣ። በነዚህ ሁሉ ዘንድ ስልኩ ብቻውን አልተላከም፤ መድኃኒትም፥ መዝገብም፥ በመጨረሻው ላይ የሚቀበል ሐኪም ቤትም ከስልኩ ጀርባ ነበሩ።

በፉሪ አካባቢ ያለው ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። «ንፋስ ስልክ» የሚለው ስም ሽቦ ከሌለው መገናኛ የተወሰደ ነው። የሰው ቃል ያለ ሽቦ በነፋስ ላይ ተሳፍሮ ከሩቅ መድረሱ ላያቶቻችን ከተአምር የሚቈጠር ነበርና ስሙ በሰፈሩ ላይ ቀረ። ዛሬ ያ ተአምር በየሰዉ ኪስ ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን በኪስ መኖሩና ለሰው ነፍስ መጥቀሙ ሁለት ነገር ነው።

ስልክ ለጠጪ ሰው ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በ1927 ዓ.ም. በግንቦት ወር መግቢያ፥ ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ ነጋዴ፥ መጠጥን ከተወ ጥቂት ወራት የሆነው፥ ለንግድ ጕዳይ አክሮን ወደምትባል የአሜሪካ ከተማ ሄዶ ጕዳዩ ከሸፈበት። በሆቴሉ አዳራሽ ብቻውን ቆሞ ሳለ በአንድ ወገን የመጠጥ ቤቱ ሳቅና ጫጫታ ይሰማዋል፤ በሌላው ወገን ስልክ አለ። እርሱም ወደ ስልኩ ሄዶ ለአንድ ቄስ ደወለ፤ ቄሱም ሌሎች ሰዎችን ጠቈመው፤ በእነርሱም አማካይነት ሮበርት ስሚዝ ከተባለ በመጠጥ ከሚሠቃይ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሁለቱ ለጥቂት ደቂቃ ብለው ተቀምጠው ለብዙ ሰዓት ተነጋገሩ። ሐኪሙ የመጨረሻ መጠጡን የጠጣው በዚያው ዓመት ሰኔ 3 ቀን እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ በብዙ አገር የሚገኘው፥ ጠጪዎች እርስ በርሳቸው የሚረዳዱበት ማኅበር የተመሠረተው ከዚህ ነው። ወረርሽኙ በመጣ ጊዜም የዚህ ማኅበር አባሎች ጉባኤያቸውን በስልክና በኢንተርኔት ቀጠሉ።

የታሪኩ ፍሬ በሁለት በኩል ይታያል። ያ ሰው ባይደውል ኖሮ ወደ መጠጡ በገባ ነበር፤ ስለዚህ ስልክ በር ከፋች ነው። ነገር ግን ሐኪሙ የዳነው በስልኩ አይደለም፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ በሰማው ጓደኛ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንለው ይህንኑ ነው። ከሩቅ የሚመጣው የሐኪም ድምፅ ሥራውን የሚሠራ፥ በቅርብ ሆኖ የሚያይ አንድ ታማኝ ዐይን በቤት ውስጥ ሲያገኝ ነው።

ይህን ከማብራራታችን በፊት ስለ አደጋው እንናገር፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። መጠጥን ለብዙ ዓመት በየዕለቱ የጠጣ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያቋርጥ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። መጠጥ አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎልም ከድንዛዜው ለመቋቋም ራሱን በይበልጥ ያነቃል። ሁለት ሰዎች አንድን በር ከውስጥና ከውጭ ሲገፉት ሳለ አንዱ በድንገት ቢለቅ፥ ሌላው በገፋበት ኀይል ተወርውሮ ይወድቃል። መጠጡ በድንገት ሲቀርም አንጎል እንዲሁ ይሆናል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ባለው ሰዓት ውስጥ እጅ ይንቀጠቀጣል፥ ላብ ያጠምቃል፥ እንቅልፍ ይጠፋል፤ በሁለቱ የመጀመሪያ ቀናት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ድረስ ደግሞ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፥ ያለበትን ስፍራና ቀኑን ይስታል፥ ይቃዣል። ይህ በሐኪም ቤት በመድኃኒት የሚታከም ሲሆን፥ በቤት ቢተው ይገድላል።

በወረርሽኙ ጊዜ ይህ በዓለም ፊት ታየ። በህንድ በኬራላ ግዛት መጠጥ መሸጫዎች በድንገት በተዘጉ ጊዜ ከመጠጥ እጦት የተነሣ ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች ተገኙ፤ ግዛቱም በሐኪም ወረቀት መጠጥ ይሰጣቸው ብሎ ቢያዝ ሐኪሞች ተቃወሙ፥ ፍርድ ቤትም ትእዛዙን አገደው። በኢራን ደግሞ መጠጥ ከኮሮና ያድናል የሚል ወሬ አምነው ሜታኖል የተባለውን መርዘኛ አልኮል የጠጡ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ሞቱ። መዝጋት ብቻውን ሕክምና እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በፉሪ የሚኖር አንድ አናጢ ነበር፤ ስሙን ሳልጠራ ታሪኩን እንድጽፍ እርሱም ባለቤቱም ፈቅደውልኛል። ይህ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ከቀኑ 11 ሰዓት አረቄ ቤት የመግባት ልማድ ነበረው፤ ኋላ ኋላ ግን ጧት እጁ ሳይረጋ መጋዝ መያዝ ስለ ተሳነው ቍርሱም አረቄ ሆነ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ሥራው ቆመ፥ አረቄ ቤቱም ተዘጋ። ሰውየው በሁለተኛው ቀን ላብ አጠመቀው፤ በሦስተኛው ሌሊት ከግድግዳው ላይ ጕንዳን ሲወርድ አየሁ ብሎ ይጮኽ ጀመር። ጎረቤት ክፉ መንፈስ ነው አለ። ባለቤቱ ግን በሌላ ከተማ በነርስነት ለምታገለግለው ለወንድሟ ልጅ ደወለች።

ነርሷም «አክስቴ፥ ጋሼ መጨረሻ የጠጡት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ከትናንት ወዲያ ማታ ነው።»

«እጃቸው ይንቀጠቀጣል? ቀኑን ያውቁታል? ወድቀው ተንፈራግጠዋል?»

«እጁ አልረጋም። ቀኑንም አያውቀው፥ እኔንም እናቴ እያለ ነው የሚጠራኝ።»

«እንግዲያው አክስቴ፥ ይህ በስልክ የምንጨርሰው ነገር አይደለም። አሁኑኑ መኪና ፈልጉና ሆስፒታል አድርሷቸው። እኔ እስክትደርሱ ድረስ ከስልኩ አልለይም።»

በጎረቤት መኪና ተወሰደ፤ አምስት ቀንም ተኝቶ ታከመ። የነርሷ ብልሃት ይህ ነው፤ ስልኩ የማይበቃበትን ሰዓት ዐወቀች። ከዚያ በኋላ ግን ስልኩ ሥራውን ጀመረ። ሰውየው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በየቀኑ ከቀኑ 11 ሰዓት፥ ቀድሞ ወደ አረቄ ቤት ይሄድበት በነበረው ሰዓት፥ ትደውልለት ነበር። ምን እንደ በላ፥ እንዴት እንዳደረ፥ ዛሬ መጠጥ ያማረው በምን ጊዜ እንደ ሆነ ትጠይቀዋለች። ንግግሩ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ነገር ግን ያ ሰዓት ባዶ ሆኖ እንዳይጠብቀው አደረገች።

በሐምሌ ወር አንድ ቀን ከለቅሶ ሲመለስ ጠጥቶ መጣ። ስልኩ በጮኸ ጊዜ ድምፁን አስተካክሎ «ደኅና ነኝ፥ ምንም አልቀመስኩም» አላት። እርስዋም አመነችው፤ ስልክ ድምፅን እንጂ ሽታን አያደርስምና። ባለቤቱ ግን ከአጠገቡ ነበረች። አልጮኸችበትም፥ ስልኩንም ነጥቃ አልተናገረችም፤ «እውነቱን ንገራት፥ የምትረዳህ እውነቱን ስታውቅ ነው» አለችው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ነገራት። በማግሥቱም ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። ዛሬ መጋዙን ይዞ ይሠራል። ድኛለሁ ብሎ አይፎክርም፤ ሲጠየቅ «ዛሬ አልጠጣሁም» ይላል።

ከዚህ የምንማረውን ለቤተ ሰብ በሚጠቅም መልክ እናስቀምጠው።

መጀመሪያ፥ ከመደወል በፊት መለየት ያስፈልጋል። በየዕለቱ የሚጠጣ፥ ጧት ሳይጠጣ እጁ የማይረጋ፥ ወይም ከዚህ ቀደም ሲያቋርጥ ያንፈራገጠው ሰው በቤቱ ብቻውን በድንገት እንዲያቋርጥ አታስገድዱት፤ አስቀድማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የጤና ሚኒስቴር የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው መመሪያ እየታገዘ፥ የየጤና ጣቢያው ባለሙያዎች የአእምሮና የሱስ ሕመምን ለይተው እንዲያክሙ ሲያሠለጥን ቈይቷል። ታማሚው ከተንፈራገጠ ወይም ከቃዠ ግን ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ሆስፒታል አድርሱት። የጫት ሱስ ከዚህ ይለያል። ጫት ያቋረጠ ሰው ይደክመዋል፥ ይጫጫነዋል፥ ክፉ ሕልም ያያል፥ ልቡም ያዝናል፤ ይህ ግን ብዙውን ጊዜ ለሕይወት የሚያሠጋ ስላልሆነ በስልክ ምክር ለመርዳት ይመቻል። ራሱን ለማጥፋት የሚናገር ከሆነ ግን ብቻውን አይተው፥ ሐኪምም ዘንድ ይቅረብ።

ሁለተኛ፥ ጥሪው ሰዓት ይኑረው። አንድ ቀን ተደውሎ አንድ ሳምንት የሚረሳ ስልክ ጥቅም የለውም። ሰዓቱም መጠጡ ወይም ጫቱ የሚያምርበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። የሚደውለው ሐኪም ወይም ነርስ ቢሆን መልካም ነው፤ ባይገኝ ደግሞ ከመጠጥ የተላቀቀና ምሥጢር የሚጠብቅ ወንድም ይሁን። ታማሚውም ሲናገር የሚሰማው ሰው እንዳይበዛ ጥቂት ስፍራ ይሰጠው። ባንዲት ክፍል ቤት የሚኖሩ እናት ልጆቻቸውን ለሩብ ሰዓት ወደ ደጅ ቢያወጡ፥ ያ ለሕክምናው ከመድኃኒት የማያንስ እርዳታ ነው።

ሦስተኛ፥ በቤት ውስጥ የሚያየው ዐይን የአዋቂ ሰው ዐይን ይሁን እንጂ የልጅ አይሁን። እኔ መምህር ነኝና ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። «አባትህ ጠጥቶ እንደ ሆነ ጠብቀህ ንገረኝ» የተባለ ልጅ ትምህርቱ ይጠፋበታል፤ አባቱንም ሲያጋልጥ በደለኛ፥ ሲደብቅ ሐሰተኛ የሆነ ይመስለዋል። ከዚህም የባሰ ልጅን አረቄ ግዛ ብሎ መላክ ነው። ይህ ነውር ብቻ ሳይሆን ሕግም የሚነካ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላልና።

አራተኛ፥ ሲወድቅ አታባርሩት። ሱስ እንደ ወባ የሚመላለስ ሕመም ነው። ወባ የተመለሰበትን ሰው «ለምን ታመምህ?» ብለን አንሰድበውም። ጠጥቶ የተመለሰ ሰው ስድብ እንደሚጠብቀው ካወቀ በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃል፤ ከደበቀ ደግሞ ስልኩ የሚሰማው ሐሰትን ብቻ ነው።

ስለ ጸበልም አንድ ቃል እንጨምር፤ በአገራችን የብዙ ሱሰኛ የመጀመሪያ ሐኪም ቤት ጸበል ነውና። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እርስ በርሳቸው እንደማይቃረኑ፥ ታማሚው ሁለቱንም ሊጠቀም እንደሚችል ለምእመናን አስገንዝበዋል። ያ የተነገረው ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ቢሆንም ለዚህም ሕመም ያገለግላል። ወደ ጸበል የሚሄድ ጠጪ የመጀመሪያዎቹን አደገኛ ቀናት በሐኪም ዐይን ሥር ቢያሳልፍ እምነቱን አያጐድልበትም። የነፍስ አባትም በሳምንት አንድ ቀን ቢደውሉለት፥ ንስሐው በአካል የሚፈጸም ሆኖ፥ ምክሩ ግን በስልክ ሊደርሰው ይችላል። በወንጌል የመቶ አለቃው አገልጋይ በቤት ታሞ ተኝቶ ሳለ ፈውሱ ከሩቅ በቃል ብቻ ደረሰለት። ሐኪምን ከጌታ ጋር ማወዳደራችን አይደለም፤ ነገር ግን ስለ ታማሚው ወጥቶ የለመነ አንድ የቤት ሰው እንደ ነበረ ልብ እንበል።

ለዕድሮቻችንም የምናሳስበው አለ። ዕድር ሲሞት የሚቀብረውን ሰው ሳይሞት ቢያድነው ምን ይከለክለዋል? ለመቃብር ከሚወጣው ጥቂቱ ተቀንሶ ለታክሲና ለስልክ ካርድ ቢቀመጥ፥ እንደ ፉሪ ባለ ከሆስፒታል በራቀ ሰፈር የብዙ አባወራ ሕይወት ይተርፋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው ለለቅሶ ብቻ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን አስቸኳይ ጊዜ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አበቃ ብሏል። መጠጥ ቤቶቹ ተከፍተዋል፤ ታክሲውም ሙሉ ሰው ይጭናል። ነገር ግን ከፉሪ እስከ ሆስፒታል ያለው መንገድ አልቀረበም፤ የጠጪውም ኀፍረት አልቀነሰም። ስለዚህ በዚያ ክፉ ወራት በግድ የተማርነውን በደኅናው ቀን በፈቃዳችን እንጠቀምበት። እንግዲህ ውድ አንባቢ፥ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ እንዲህ ያለ ታማሚ ካለ፥ ዛሬ ማታ ስልኩን ከማንሣትህ በፊት ከአጠገቡ ተቀምጠህ «መጨረሻ የጠጣኸው መቼ ነው?» ብለህ በፍቅር ጠይቀው። መልሱ የት መሄድ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።